ምዕራፍ ሰባት፦ የደመና ጋቢ

በመስከረም መጨረሻ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደባርቅ መናኸሪያ ገብቶ እዚያው ያደሩትን ሚኒባሶች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያገኛል። ሌሊቱን ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲያበራ ነው ያደረው። የመኪኖቹ ጣሪያ ግን ውሃ አዝሏል። ጣት ቢያስኬዱበት መስመር ይወጣለታል። የፊት መስታወቱም ላቦታል፤ ረዳቱ በጨርቅ እየወለወለው ነው። የጎን መስኮቱና በሩ ግን ደርቀዋል። ከሁሉ የሚገርመው ከባሕር ዛፉ ሥር ያደረው መኪና ነው፤ የእሱ ጣሪያም ደረቅ ነው።

ረዳቱን ብትጠይቁት «ጤዛ ነው» ይላችኋል፤ ልክ ነው። ታዲያ ጤዛው ጣሪያን ከበር፣ ሜዳ ላይ ያለውን ከዛፍ ሥር ካለው ለይቶ የሚያርፈው በምን ምክንያት ነው? በነሐሴ አየሩ በውሃ ተሞልቶ ሳለ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ባደረባቸው ሌሊቶችስ እንዲህ ያለ ጤዛ ለምን አልታየም?

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚፈቱት በአንድ መልስ ነው፤ ይህ ምዕራፍም ያንን መልስ ሲያገላብጥ ይቆያል። መልሱ ከመኪና ጣሪያ አልፎ ብዙ ነገር ይነካል። ከአምባ ጊዮርጊስ ተነስቶ በዳባትና በወቅን በኩል እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ስሜን ተራሮች ከፍታ ድረስ ያለ ገበሬ፣ ዝናቡ አልፎ ፀሐይ በወጣችበት ወር ስለ ገብሱ ለምን እንደሚሰጋ የሚነግረን እሱው ነው።

ሁለት ዓይነት ብርድ

ክረምት ሲወጣ ብርዱ አብሮ ይወጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እንቁጣጣሽ ደርሶ አደይ ሲፈነዳ፣ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ፣ ልብም አብሮ ይሞቃል። በስሜን ግርጌ ግን በመስከረም ጋቢውን አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። እንዲያውም በርኖሱና ባናው በደንብ የሚፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱም የምናውቀው ብርድ አንድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ የሚበርደው ቀኑ ነው። ጭጋጉ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ልብስ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ይሰነብታል። ሌሊቱ ግን ከቀኑ ብዙም አይለይም፤ እንደዚያው እንደረጠበና እንደቀዘቀዘ ይነጋል። ከጥቅምት ጀምሮ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑ ፊት ያቃጥላል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብርዱ አጥንት ይገባል። በሰሜኑ ደጋ የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ይህን በቁጥር ያየዋል፦ ዝቅተኛው የቀን ሙቀት የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ዝቅተኛው የሌሊት ሙቀት የሚመጣው ግን ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው።

በምዕራፍ ሁለት ከፍታ በራሱ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ አይተናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየሺህ ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንቀንሳለን ብለን ነበር። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳባት ከእሷ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ስሌት ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን አናት ከአሥር ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ነገር ግን ከፍታው ክረምት ከበጋ አይለወጥም። ደባርቅ በነሐሴም በኅዳርም ያው ከፍታዋ ላይ ናት። ስለዚህ ቀኑን የሚያሞቀውንና ሌሊቱን የሚያቀዘቅዘውን ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን፤ ከራሳችን በላይ።

ጃንጥላም ጋቢም

ደመና ቀን ቀን ጃንጥላ ነው። የፀሐይን ብርሃን ከላዩ መልሶ ወደ መጣበት ይሰደዋል፤ ከሥሩ ያለው መሬትም በጥላ ይውላል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ደመና ፀሐይን ሲሸፍናት ትከሻችን ወዲያው ያውቀዋል።

ሌሊት ሌሊት ግን ያው ደመና ጋቢ ይሆናል። ይህን ማየት ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሙቀት ሲሄድ አይታይም። ምድጃ ዳር የተቀመጠን ሰው አስቡ። እሳቱን አልነካውም፤ በመካከላቸው ያለውም አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ፊቱ ግን ይሞቃል። ጀርባው በአንጻሩ ይበርደዋል። ፊቱ የሞቀው ፍሙ በአየሩ ውስጥ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሙቀት ስለሚረጭ ነው። ከመካከል ሰው ቢገባና ቢከልለው ሙቀቱ ወዲያው ይቋረጣል።

ሙቀት የሚረጨው እሳት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እውነቱ ግን ሁሉም ነገር፣ ድንጋዩም፣ ቆርቆሮውም፣ የገብሱ ቅጠልም፣ የእኛም ገላ፣ ሌት ተቀን ሙቀት ይረጫል። በዓይን አይታይም እንጂ ይሄዳል። እንደ ሠርግ ብድር ቁጠሩት። ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤቱም በተራው ይመልሳል፤ ሁሉም የሰጠውን ያህል ከተቀበለ ማንም አይደኸይም። የቤታችን ጣሪያ በነሐሴ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይሰጣል። ከላይ ደመናው አለ፤ ደመናው ሙቀቱን ይቀበልና የራሱን ሙቀት መልሶ ወደ ታች ይረጫል። ጣሪያው የሰጠውን አብዛኛውን ያህል አገኘ። ለዚህ ነው ደመናማ ሌሊት የማይቀዘቅዘው።

በመስከረም መጨረሻ ደመናው የለም። ጣሪያው እንደ ልማዱ ይሰጣል፤ የሚመልስለት ግን ጥቂት ነው። ጥርት ያለ የሌሊት ሰማይ በሙቀት ረገድ ጥልቅና ቀዝቃዛ ጉድጓድ ማለት ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የማይታይ የውሃ እንፋሎት ጥቂት ይመልሳል፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ካለው የአየር እርጥበት በደፈናው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ባለው ዝቅተኛ አየር ውስጥ ነው። ደባርቅ ከዚያ በላይ ናት። ከአየሩም ከሩብ የሚበልጠው ከእግሯ በታች ቀርቷል፤ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላባት፣ ባቄላም እሳት ላይ የሚያረፍድባት ለዚህ ነው። ቆላ ላይ ደመናው ቢገፈፍ እንኳ እርጥቡ አየር እንደ ስስ ነጠላ ሆኖ ይተርፋል። ስሜን ላይ ጋቢው ሲነሳ ከሥሩ ነጠላም የለም።

እንግዲህ አንዱ ነገር ሲነሳ ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል። ጃንጥላው ሲታጠፍ ቀኑ ይሞቃል፤ ጋቢው ሲገፈፍ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም የሚያደርገው ያው አንድ ደመና ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ጥላ የሌለበት ቀን

ደመናውን ማን ይገፈዋል? በምዕራፍ ስድስት የክረምቱን ዝናብ የሚያመጣው፣ ምድርን እንደ መቀነት የሚዞር የደመናና የዝናብ ቀበቶ እንደሆነ አይተናል። ያ ቀበቶ ፀሐይን ይከተላል፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ ወደ እኛ ይመጣል፤ ወደ ደቡብ ስትመለስ ይመለሳል።

ደባርቅ ላይ ይህን በገዛ ዓይን ማየት የሚቻልበት ቀን አለ። በነሐሴ 12 አካባቢ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰማዩ ለአፍታ ከተከፈተ አንድ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ ትከሉ። ጥላው ይጠፋል። ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ናትና። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ተኩል ያልኩት ሰዓታችን የተቀመረው ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ርቆ ባለ መስመር ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ ደባርቅ አናት ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው።

ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ ነው። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ስለሆነ ከፀሐዩ ጋር ላያያዘው አልሞክርም፤ ግን ቃሉ ገላጣ፣ ብሩህ ማለት መሆኑ፣ ሕዝቡም ቡሄ ሲያልፍ ክረምቱ እንዳበቃለት አድርጎ መናገሩ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከዚያች ቀን በኋላ ፀሐይ በእርግጥ ጀርባዋን ለደባርቅ ሰጥታ ወደ ደቡብ ትሄዳለችና። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠርም ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ያሉትን ቀኖች ጎሕ፣ ጽባሕ ይላቸዋል፤ የንጋት ስም ነው። ክረምቱን እንደ አንድ ረጅም ሌሊት ቆጥረው መጨረሻውን ንጋት ያሉ ሰዎች ሰማዩን በደንብ ያዩ ነበሩ።

ፀሐይ ከሄደች ታዲያ ዝናቡ በማግሥቱ ለምን አይቆምም? እረኛና መንጋ አስቡ። እረኛው ኮረብታውን ዞሮ ከዓይን ሲጠፋ የመንጋው ጅራት ገና እዚህ ሜዳ ላይ ነው። መሬቱና ባሕሩ የያዙትን ሙቀት ቶሎ አይለቁም፤ ስለዚህ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን በሳምንታት ርቀት ነው የሚከተላት። መጀመሪያ የሚለቀው ሰሜኑን የአገራችን ክፍል ነው። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እየገፋ እርጥበት ያመጣ የነበረው ነፋስ ይደክማል፤ በመስከረም አጋማሽና መጨረሻ በምትኩ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብ ምድር በኩል ደረቅ ነፋስ መግባት ይጀምራል። ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን በፊቱ ያውቀዋል፤ ከንፈሩ መሰንጠቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። መስከረም 26 የሚገባው ወቅት መጸው ነው። በሬዲዮና በዘፈን ጸደይ እየተባለ ተለምዷል፤ ጸደይ ግን በቀመሩ ከመጋቢት 26 በኋላ የሚመጣው ነው። እኔ በዚህ መጽሐፍ መጸው እላለሁ፤ ይህን የመሰለ ወቅት የራሱ ስም እያለው በሌላ ስም መጠራቱ ይቆጨኛል።

የጳጉሜን በረዶ

ጋቢው የሚነሳው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ይቀዳደዳል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ የቅዳጁ ጊዜ ነው፤ በስሜን ግርጌም ከዓመቱ ሁሉ እጅግ ተለዋዋጩ ሰማይ የዚያን ጊዜው ነው።

ጠዋት ብራ ይሆናል። በተቀደደው ቦታ የገባችው ፀሐይ የረጠበውን መሬት ታሞቀዋለች። የሞቀ አየር ይነሳል፤ ገና ብዙ እርጥበት ስላለው ሲነሳ ደመና ይሆናል፤ ምዕራፍ አራት ላይ ድስቱ ሲፈላ ክዳኑን የሚገፋውን እንፋሎት እንዳየነው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይጀምራል። በሐምሌ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ይውል ነበር፤ አሁን ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገት ይመጣል፤ ይደበድባል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሄዶ ቀስተ ደመናውን ያሳያል። በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው የሚጠመቁት ዝናብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ከእሱ ጋር በረዶ ይመጣል። በረዶ ደጋውን ከቆላው የበለጠ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሰማዩን ፎቅ መቁጠር ነው። በእኛ አገር ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በረዶው የሚፈጠረው ከዚያ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ መቅለጥ ይጀምራል። ደባርቅ ላይ ለመድረስ የሚሞቅ አየር የሚያገኘው ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ ቆላ ለመድረስ ግን ከዚያ ላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሌላ ሞቃት አየር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ያው አንድ ደመና ላይኛው አገር ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ሲያወርድ፣ ታችኛው አገር ላይ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ሆኖ ሊያበቃ ይችላል። የስሜን ጫፎችማ የሚቆሙት ከዚያ ከሚረጋበት ፎቅ በጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ዝቅ ብለው ነው፤ ከእንዲህ ያለ ማዕበል በኋላ ቧሂትና ራስ ደጀን ነጭ ሆነው ሲታዩ ምንም ተአምር የለበትም።

ስለዚህ አገር አየር የተጻፈው ጥንታዊ ምስክርነትም ይህንኑ ነው የሚለው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ስሙ ከድንጋዩ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን የሚቆጥርበት ነው። ከነዚህ ዘመቻዎች አንዱ ወንዝ ተሻግሮ ስሜን ላይ ያደረገው ነው፤ ወንዙን ተመራማሪዎች ተከዜ ነው ይሉታል። ንጉሡ ስለ ጠላቱ ብርታት ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ አየሩ ነው፤ ተራራው የማይደፈር እንደሆነ፣ ጉሙን፣ በረዶውን፣ ውርጩን፣ እስከ ጉልበት የሚያሰምጠውን የበረዶ ክምር ይዘረዝራል። እስከ ጉልበት የሚለው ዛሬ የማናየው ነው። ሌሎቹን ግን በዚህ ምዕራፍ አንድ በአንድ እያነሳናቸው ነው፤ የቀረን ውርጩ ነው።

ውርጭ አይወርድም

ውርጭ ወረደ እንላለን፤ ጤዛም ወረደ እንላለን። ቋንቋችን ሁለቱንም እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጡ አድርጎ ይዟቸዋል። አዩኝ አላዩኝ ብለው በሌሊት ስለሚመጡ እንዲህ መታሰባቸው አይገርምም። በመላው ዓለምም ለረጅም ዘመን እንዲህ ይታሰብ ነበር።

በ1814 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ ጤዛ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው ቀላል ነበር። እኩል የተመዘነ የሱፍ ጭብጥ ወስዶ አንዱን ከተደገፈ ጣውላ ላይ፣ ሌላውን ከጣውላው ሥር አሳደረ፤ ጠዋት ሁለቱንም መዘነ። ከላይ ያለው፣ ሰማዩን ያየው፣ በጣም ከብዶ ተገኘ። ከሥር ያለው ጥቂት ብቻ ጨምሯል። ደመናማ ሌሊት ላይ ደግሞ ጤዛው ያንሳል ወይም ከእነጭራሹ ይቀራል። ዌልስ ነገሩን ገለበጠው፦ ነገሮች የሚቀዘቅዙት ጤዛ ስለወረደባቸው ሳይሆን፣ ጤዛ የሚይዛቸው አስቀድመው ስለቀዘቀዙ ነው።

የመናኸሪያው ሚኒባስ አሁን ተፈታ። ጣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ እያየ ሙቀቱን ሰጥቶ፣ የሚመልስለት አጥቶ፣ በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ቀዘቀዘ። አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ሆነ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጥ የያዘ ጠርሙስ ገበታ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው። የፊት መስታወቱ ጋደል ስላለ ሰማዩን ያያል፤ ላበው። የጎን በሩ የሚያየው አጠገቡ ያለውን መኪናና የሱቁን ግድግዳ ነው፤ እነሱ ብድሩን ይመልሱለታል፤ ደረቀ። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ደግሞ ቅጠሉ ደመና ሆነለት።

ይህን በየቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ አጥብቄም እመክራለሁ። ኮከብ በሚታይበት ምሽት ሁለት የቆርቆሮ ሳህን ውሰዱ። አንዱን ግቢው መካከል ሣር ላይ፣ ሌላውን ከአንድ በርጩማ ሥር አድርጉና እደሩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትነካቸው በመዳፋችሁ ዳስሷቸው።

ጥቅምት ሲገፋ ነገሩ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። አየሩ ይደርቃል፤ ሌሊቱ ይረዝማል፤ የሚሰጠውም ሙቀት ይበዛል። አንድ ቀን ቅጠሉ ወደ ውሃ መርጊያው ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ አየሩ ራሱ መርጋት የለበትም። በቁመታችን ልክ የተሰቀለ መለኪያ ሦስት ወይም አራት ዲግሪ እያሳየ፣ መሬት ላይ ያለው ሣር አመዳይ ሊለብስ ይችላል። ሣሩ ሰማዩን ስለሚያይ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይይዘዋል።

አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን አገር ውርጭ ብለው ሰይመውታል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ሌላውን በሌላ ነገር ሲጠሩ ያን ከፍታ ግን በሌሊቱ ጠርተውታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉት ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በመጸውና በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ሲወርዱ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰው ኮቱን አውልቆ ይሄዳል። የሌሎች አገሮች ወቅት በዓመት የሚዞረውን ያህል እዚያ በአንድ ቀን ይዞራል። ጭላዳ ይህን አውቆ ነው የሚኖረው፤ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድሮ፣ ጠዋት አፋፉ ላይ ወጥቶ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሣር መጋጥ የሚጀምረው ሞቅ ካለው በኋላ ነው።

ብርድ እንደ አጥሚት ይፈሳል

አንድ ነገር ይቀረናል። ያው አንድ ሰማይ ሥር፣ ያው አንድ ሌሊት፣ አንዱን ማሳ ውርጭ መትቶ አጠገቡ ያለውን ለምን ይተወዋል?

የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይከብዳል። ፍሪጅ ስንከፍት ብርዱ ፊታችን ላይ ሳይሆን እግራችን ላይ የሚወርደው ለዚህ ነው። ተዳፋት ላይ ያለ መሬት ሌሊት ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለውም አየር ይቀዘቅዛል፤ ይከብዳል፤ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። እንደ ጅረት አይሮጥም፤ እንደ አጥሚት ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው። አጥር ቢያገኝ ከጀርባው ይጠራቀማል፤ ረባዳ ቢያገኝ ሞልቶት ይተኛል። ንጋት ላይ በዳባት ዙሪያ ካለው ሜዳ ዝቅ ዝቅ ያሉት ቦታዎች ላይ ስስ ጉም ተነጥፎ፣ ጎጆዎቹ ያሉበት ተረተር ከላዩ እንደ ደሴት ሲታይ፣ ያ ጉም የብርዱን ሐይቅ ዳርቻ እየሳለ ነው።

ስለዚህ ከፍ ያለ ሁሉ ከዝቅተኛው የበለጠ ይበርደዋል ያልነው የምዕራፍ ሁለት ሕግ በጠራ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ይገለበጣል። ተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለው ማሳ ከሥሩ ካለው ሜዳ ሊሞቅ ይችላል። በደጋ አገር ብዙ ቤት ከሜዳው መካከል ይልቅ ከፍ ያለው ተረተር ላይ የሚሠራበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጎርፉ፣ ረግረጉ፣ ለእርሻ የሚሆነውን መሬት መቆጠቡ። እዚያ ላይ ያደረ ሰው ግን አንድ ሌላ ጥቅሙን ጠዋት ያውቀዋል።

የውርጩ መስመር በዓይን ይታያል። ውርጭ በመታ ማግሥት ረባዳው ላይ ያለው የባቄላና የድንች ቅጠል ፀሐይ ሲነካው ይጠቁራል፤ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ረግቶ፣ የተሠራበትን ጥቃቅን ክፍል አፍርሶታልና። ዳገቱን ትንሽ ከፍ ስትሉ ጥቁሩ በአንድ ቁመት ላይ፣ ሐይቅ ዳርቻው ላይ እንደሚቆመው፣ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያው ባቄላ፣ ከአንድ ጎተራ የወጣ ዘር፣ አረንጓዴ ነው።

ገብሱ ግን የሚሰላው በቦታ ብቻ ሳይሆን በቀንም ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ጋቢው ሲነሳ ገና እሸት ላይ ይደርሳል። ቀድሞ የተዘራው ደርቋል፤ ደረቅ ፍሬ ውስጥ የሚረጋ ውሃ ብዙ ስለሌለ ውርጩ አይጎዳውም። ያበበውን ወይም ገና ወተት የያዘውን ግን አንድ ሌሊት ባዶ ገለባ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ነው በጥቅምት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ሊማሊሞ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ የምታገኙት። አንድ ዛላ ይቀነጥሳል፤ ፍሬውን ከገለባው ይለየዋል፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫነዋል። ነጭ ወተት ከወጣ ገና ነው። እንደ ሊጥ ከሆነ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ጥፍሩን ከመለሰው ደርሷል።

ወተት ከወጣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ደመና ይፈልጋል፤ ዝናብ ግን አይፈልግም፤ ከላይኛው ማሳ የታጨደው ገና ክምር አልሆነምና። የሚፈልገው ከምሽቱ እስከ ንጋት ብቻ የሚለበስ፣ ስስና ደረቅ ደመና ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጉንጩን አዙሮ ይሞክራል። ከሰሜን ምሥራቅ ነው። የወተቱን ነጭ ከጥፍሩ ላይ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ወደ ቤቱ ይወጣል።